ጦጣዋን ያስጨነቃት እንግዳ

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በሁለት ሐይቆች መካከል በተቆረቆረችው ማዲሰን ከተማ፣ አንዲት ለጋ ጦጣ መርፌ ትወጋና ብቻዋን ሽቦ ቤት ውስጥ ትገባለች። ሪሰስ ከሚባለው ዝርያ ናት። ትንሽ ቆይቶ በሩ ይከፈትና የማታውቀው ሰው ይገባል። አይቀርባትም፣ አይነካትም፣ አያናግራትም። ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይቆምና ጎኑን ይሰጣታል፤ ዓይን ለዓይን እንዳይገጣጠሙ ይጠነቀቃል። እንዲህ እንደተገተረ 30 ደቂቃ ያልፋል።

አንዳንዷ ጦጣ ለአፍታ ደንግጣ ወዲያው ወደ ራሷ ጉዳይ ትመለሳለች። አንዳንዷ ግን ባለችበት ድርቅ ትላለች። ሰውነቷ ተወጥሮ ከ3 ሰከንድ በላይ ካልተንቀሳቀሰች ተመራማሪዎቹ ይህን ቆጥረው ይመዘግቡታል። ወገኖቿን የምትጣራበት ለስለስ ያለ ድምፅም ይጠፋል። ነገሩ ሞኝነት አይደለም፤ ጎኑን የሰጠ ባዕድ ምናልባት አላያት ይሆናል፣ ስለዚህ ዝም ማለት ያዋጣታል። ሰውየው ፊቱን አዙሮ ቢያፈጥባት ኖሮ ጥርሷን ታሳየው ነበር። በመጨረሻ ደሟ ተወስዶ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ይለካል። ድርቀቱ፣ ዝምታውና ሆርሞኑ ተደምረው የዚያች ጦጣ የፍርሃት ጠባይ በቁጥር ይገለጻል።

ዋናው ጉዳይ ግን ቀድሞ የተወጋችው መርፌ ነው። በውስጡ ያለው ኤፍዲጂ ይባላል፤ ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር አመንጪ አቶም የተለጠፈበት የስኳር ዓይነት ነው። ሥራ የበዛበት የአንጎል ክፍል ስኳር አብዝቶ ስለሚወስድ ኤፍዲጂውንም እንደ ስኳር ቆጥሮ ወደ ሴሎቹ ያስገባዋል። አቃጥሎ ሊጨርሰው ግን አይችልምና እዚያው ታስሮ ይቀራል። ከግማሽ ሰዓቱ በኋላ ጦጣዋ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ፔት በሚባለው መሣሪያ ውስጥ ስትገባ፣ የሚነሳው ምስል አሁን የተኛውን አንጎል አይደለም የሚያሳየው። እንግዳው ፊት ደርቃ በቆመችበት ጊዜ የትኛው የአንጎል ክፍል ሲሠራ እንደነበር ነው። የፍሎሪን 18 ጨረር በየ110 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ ለዚህ ሁሉ በቂ ጊዜ አለ። እንስሳን መሣሪያ ውስጥ አስሮ «አሁን ፍሪ» ማለት እንደማይቻል ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ በሙያው ካሉት ዘዴዎች ሁሉ ብልሁ ይመስለኛል።

ጥናቱን የመራው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም ኔድ ኬሊን ነው። ቡድኑ በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የ238 ጦጣዎችን ውጤት አወጣ። ጦጣዎቹ የአንድ ሰፊ ቤተሰብ ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የአክስት ልጆች ስለነበሩ ማን ከማን ምን እንደወረሰ መከታተል ተችሏል። ፈሪዎቹ ጦጣዎች ላይ ሁለት ቦታዎች አብዝተው ሲሠሩ ተገኙ፦ አደጋን በማሽተት የሚታወቀው አሚግዳላና የሂፖካምፐስ የፊተኛው ክፍል። የሚገርመው ሁለቱ እኩል በዘር የሚተላለፉ አለመሆናቸው ነው፤ የሂፖካምፐሱ ሥራ ከአሚግዳላው ይልቅ ከወላጅ የሚወረስ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ቁጥሩ 592 ሲደርስ፣ በጦጣዎቹ መካከል ካለው የፍርሃት ጠባይ ልዩነት ሲሶ ገደማው በዘር የሚመጣ መሆኑ ታየ።

ይህ ለሰው ምን ይጠቅመዋል? በሃርቫርድ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ ጀሮም ኬገን ከማያውቁት ሰውና ቦታ የሚሸሹ፣ እናታቸው ቀሚስ ሥር የሚሸጎጡ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትሏል። እንዲህ ያሉ ልጆች ሲያድጉ ለጭንቀት ሕመም ከሌሎቹ የበለጠ የተጋለጡ ናቸው፤ ሁሉም ይታመማሉ ማለት ግን አይደለም። የማዲሰኗ ጦጣም ሕመምተኛ አይደለችም። ልክ እንደነዚያ ልጆች፣ ለሕመሙ የሚያጋልጥ ጠባይ ያላት ናት። ብዙ ዜና አቅራቢዎች ይህን ልዩነት ይዘሉታል፤ «ተመራማሪዎች ጭንቀት ያለባትን ጦጣ አንጎል አዩ» ብለው ይጽፋሉ።

ሰውን በቀጥታ ማጥናት እየተቻለ እንስሳ ለምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። የሰው አንጎል ምስል በየዓመቱ በብዙ ሺህ ይነሳል። ችግሩ ምስል ምክንያትና ውጤትን አለመለየቱ ነው። የታማሚው አሚግዳላ ከሌላው ይበልጥ ቢሠራ፣ ሰውየው የተጨነቀው አሚግዳላው ስለሠራ ነው ወይስ አሚግዳላው የሠራው ሰውየው ስለተጨነቀ? ወይስ ለዓመታት የወሰደው መድኃኒት ነው እንዲህ ያደረገው? ይህን ለመለየት የአንጎሉን አንድ ክፍል ነክቶ ጠባዩ ይለወጥ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ በሰው ላይ ደግሞ ለምርምር ብቻ ተብሎ አይደረግም። ኬሊንና ባልደረቦቹ በ2004 የአሚግዳላውን ማዕከላዊ እምብርት በኬሚካል ሲያጠፉት የጦጣዎቹ ፍርሃት ቀነሰ። በ2019 ደግሞ የዚሁ ቡድን አባላት ቫይረስን ተሸካሚ አድርገው፣ የነርቭ ሴሎችን የሚያሳድግ ኒውሮትሮፊን 3 የተባለ ፕሮቲን የሚያመርት ጂን ወደ አሚግዳላው አስገቡ። ጦጣዎቹ የበለጠ ተረጋጉ፤ የፔት ምስላቸውም ተለወጠ። ምስል ብቻውን ሊሰጥ የማይችለው ማስረጃ ይህ ነው።

ከፔት ሌላ፣ በማግኔት የአንጎልን ምስል ስለሚያነሳው ኤም አር አይ ስናወራ ደግሞ እንስሳው ከጅምሩ አለበት። ሊነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮርዬል በ1936 ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ኦክስጅኑን ያራገፈ ደም በማግኔት ፊት የተለያየ ጠባይ እንዳላቸው አሳይተው ነበር። ነገሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ለአንጎል ምስል ሳይውል ተቀመጠ። በ1990 በኒው ጀርዚ ቤል ላብራቶሪ የሚሠራው ጃፓናዊ ሴይጂ ኦጋዋ አይጦችን በጠንካራ ማግኔት ውስጥ አስገብቶ የሚተነፍሱትን አየር ሲቀያይር፣ የአንጎላቸው ደም ሥሮች በምስሉ ላይ እየጠቆሩና እየጠፉ ሲሄዱ አየ። ኦክስጅን ያጣው ደም ምስሉን ያጠቁረዋል። የነርቭ ሴሎች ሲሠሩ ደግሞ ትኩስ ደም በብዛት ይጎርፍላቸዋል፤ ስለዚህ የደሙን ለውጥ በማየት የሴሎቹን ሥራ መገመት ይቻላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ዘዴ በሰው ላይ ሠራ። ዛሬ ኤፍኤምአርአይ እየተባለ በየመጽሔቱ ቀይና ቢጫ ነጠብጣብ የምናይበት የሰው አንጎል ምስል ሁሉ መነሻው የአይጥ አንጎል ነው።

የትንሿ አይጥ አንጎል ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ አንድ የባቄላ ፍሬ ያህላል። በውስጡ 70 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ፤ የሰው 86 ቢሊዮን ነው። የሆስፒታል ኤም አር አይ ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ሲሆን፣ ለአይጥ የሚሠራው 7፣ 9.4 ወይም 11.7 ቴስላ ይደርሳል። ቀዳዳው ግን ጠባብ ነው። አይጧ ትንሽ አልጋ ላይ በሆዷ ትተኛለች። የፊት ጥርሶቿ በቀጭን ዘንግ ይያዛሉ፣ ጆሮዎቿ በግራና በቀኝ ይደገፋሉ፣ አፍንጫዋ ላይ የማደንዘዣ ጋዝ የሚያመጣ ቱቦ ይገጠማል፣ ዓይኗ እንዳይደርቅ ቅባት ይቀባል። ከሆዷ ሥር ትንፋሿን የሚቆጥር ስስ ትራስ አለ። የተደነዘዘች አይጥ ቶሎ ስለምትቀዘቅዝ ሙቅ አየር ወይም ሙቅ ውኃ ይዞርላታል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ መጮህ ይጀምራል፤ ኤም አር አይ የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያ ጩኸት።

ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ይመጣል። የተደነዘዘ አንጎል ስለ ጭንቀት ወይም ስለ ድባቴ ምን ሊነግረን ይችላል? በብዛት የሚሠራበት አይሶፍሉሬን የተባለው ማደንዘዣ ራሱ ደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ኤፍኤምአርአይ ደግሞ የሚለካው የደም ሥርን ጉዳይ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን ሽሽት አይጧን ነቅታ እንዳለች ይመረምራሉ። የራስ ቅሏ ላይ መያዣ ይተከልላትና፣ የማሽኑን ጩኸት በድምፅ ማጉያ እያሰሙ ለቀናት ያለማምዷታል። ይሁን እንጂ ራሷ ታስሮ ጩኸት የምትሰማ አይጥ ምን ያህል የተረጋጋች ናት? ጥናቱ ስለ ጭንቀት ከሆነ፣ መለኪያው ራሱ ጭንቀት ጨመረ ማለት ነው። ልምምዱ በረዘመ ቁጥር ችግሩ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ጠፋ የሚለኝን ጥናት ግን በጥርጣሬ ነው የማነበው።

ሙያተኞቹ ይህን ያውቁታል፤ ለእርማትም ተነስተዋል። እያንዳንዱ ላብራቶሪ በራሱ ማደንዘዣ፣ በራሱ ማግኔትና በራሱ ስሌት ሲሠራ የአንዱ ውጤት ከሌላው ሳይገጥም ኖሯል። በዮአን ግራንዣን የተመራ ቡድን ከ46 የምርምር ማዕከላት የተሰበሰቡ 65 የትልልቅ አይጦች መረጃዎችን አንድ ላይ አስቀምጦ መረመረና፣ ሁሉም ሊከተለው የሚችል የጋራ አሠራር በ2023 አወጣ። አርዕስተ ዜና የሚሆን ግኝት አይደለም። እኔ ግን ከብዙ አዲስ ግኝት ይልቅ ይህን የመሰለውን ሥራ አከብራለሁ።

አሁን ወደ ድባቴ እንለፍ። የነርቭ ሐኪሟ ሄለን ሜይበርግ በሰው ምስሎች ላይ አንድ ነገር ደጋግማ አየች። ከግንባር ጀርባ፣ በአንጎሉ መሐል በኩል ዝቅ ብሎ የሚገኘው፣ «አካባቢ 25» የሚባለው ክፍል ድባቴ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከመጠን በላይ ይሠራል። በ2005 በቶሮንቶ ምንም መድኃኒት አልሠራ ያላቸው 6 ሕመምተኞች እዚያ ቦታ ላይ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ ተተከለላቸው፤ 4ቱ ተሻላቸው። ተስፋ የሚሰጥ ነበር። ነገር ግን አካባቢ 25 ድባቴን ያመጣል ወይስ ድባቴ ሲመጣ አብሮ ይጋጋላል የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም።

መልሱን የፈለገችው አንጄላ ሮበርትስ ናት፣ በእንግሊዝ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ። የመረጠችው እንስሳ ማርሞሴት ነው፤ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ የደቡብ አሜሪካ ትንሽ ጦጣ። አይጥ እንዳይሆን ያደረገችው ይህ የአንጎል ክፍል በጦጣና በሰው ይበልጥ ስለሚመሳሰል ነው። ማርሞሴቶቹ ማርሽማሎው የሚባለውን ለስላሳ ጣፋጭ ይወዳሉ። አንድ ድምፅ ሲሰማ ጣፋጩ እንደሚመጣ ተማሩ፤ ድምፁን ሲሰሙ በጉጉት ልባቸው ይመታል፣ ይቁነጠነጣሉ። ተመራማሪዎቹ በቀጭን ቱቦ መድኃኒት ሰደው አካባቢ 25ን ከልክ በላይ እንዲሠራ ሲያደርጉት ጉጉቱ ጠፋ። ድምፁ ይሰማል፤ እንስሳው አይቁነጠነጥም። ጣፋጩን ለማግኘት መሥራት ሲኖርበትም ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ጣፋጩ ፊቱ ሲቀርብ ግን እንደ ወትሮው ይበላዋል።

ይህች ልዩነት ትንሽ አይደለችም። ድባቴ ያለበት ሰው «ምንም ደስ አይለኝም» ሲል እኛ አንድ ነገር ነው የምንሰማው። ማርሞሴቱ ግን ነገሩን ለሁለት ከፈለው፤ የተዳከመው የመጓጓት አቅሙ እንጂ ጣፋጩን የማጣጣሙ አይደለም። የፔት ምስል ደግሞ የአካባቢ 25 መጋጋል ከእሱ ጋር የተሳሰሩ ሌሎች ክፍሎችን እንዴት እንደለወጠ አሳየ። ኬታሚን የተባለው፣ ዛሬ ለከባድ ድባቴ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ከአንድ ቀን በፊት ሲሰጣቸው ጉጉቱ አልጠፋም። ጥናቱ በ2019 ኒውሮን መጽሔት ላይ ወጣ። በስታንፎርድም ካርል ዳይሰሮት ያለበት ቡድን በ2016 በትልልቅ አይጦች ላይ ተመሳሳይ ነገር በብርሃን አሳይቷል። ለብርሃን ምላሽ የሚሰጥ ጂን የገባበትን የፊት አንጎል ክፍል ሲያነቃቁ፣ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል በሽልማት ማዕከሉ ላይ የሚያመጣው ምላሽ በኤፍኤምአርአይ ሲደክም ታየ፤ አይጦቹም የስኳር ውኃን መምረጥ ቀነሱ።

በኦቲዝም ላይ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። በሰው ላይ የተሠሩ ጥናቶች ለዓመታት ሲጣሉ ኖረዋል፤ አንዱ በኦቲዝም የአንጎል ክፍሎች ትስስር ላልቷል ይላል፣ ሌላው ጠብቋል ይላል። ማን ልክ ነው? በቶሮንቶ የነበረው ጄሰን ለርችና ባልደረቦቹ በ2015 ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 26 የአይጥ ዝርያዎችን በኤም አር አይ መረመሩ። አንዱ ዝርያ ላይ የሚያብጠው የአንጎል ክፍል ሌላው ላይ ይሟሽሻል፤ ሁሉንም የሚያስተባብር አንድ ምልክት አልተገኘም፣ ይልቁንም በሦስት ቡድን ተከፈሉ። በ2021 ደግሞ 16 ዝርያዎች በኤፍኤምአርአይ ሲታዩ የትስስሩ መዛባት እንደየጂኑ ተለያየ። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። የተለያዩ ሰዎችን ቀላቅሎ አማካይ ማውጣት ነበር ጸቡን ያመጣው።

በዚያው ዓመት በጣሊያን ሮቬሬቶ የሚሠራው አሌሳንድሮ ጎዚ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። ቲኤስሲ 2 የተባለው ጂን ሲበላሽ በሰው ላይ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ የሚባል ሕመም ያመጣል፤ ከታማሚዎቹ ግማሽ ገደማው ኦቲዝም አለባቸው። ይህ ጂን የጎደላቸው አይጦች አንጎል ውስጥ የነርቭ መገናኛዎቹ ከልክ በላይ በዝተው፣ በኤፍኤምአርአይም ትስስሩ ከልክ በላይ ጠብቆ ታየ። ራፓማይሲን የተባለው፣ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት መድኃኒት በለጋ ዕድሜያቸው ሲሰጣቸው መገናኛዎቹም ትስስሩም ወደ ልኩ ተመለሰ። ቡድኑ ከዚያ ወደ ሰው ልጆች ምስል ዞረና፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል ከአይጧ ጋር የሚመሳሰል የጠበቀ ትስስር ያላቸውን ለይቶ አገኘ። ከዚህ ሁሉ ጥናት የምወስደው ፍርድ ይህ ነው፤ አይጧ ኦቲዝም አለባት ወይ ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። የሚያዋጣው ጥያቄ፣ በአይጧ የታየው የተወሰነ መዛባት በየትኞቹ ሰዎች ላይ አለ የሚለው ነው። ምስል እዚህ ዋጋ የሚያገኘው ሁለቱም ወገኖች በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሊለኩ ስለሚችሉ ነው። ጠባይ እንዲህ አይለካም። አይጥ ውኃ ውስጥ ተጥላ መዋኘት ስታቆም «ተስፋ ቆረጠች» ብሎ መመዝገብ ከ1977 ጀምሮ የተለመደ ነበር፤ ምናልባት ጉልበቷን እየቆጠበች ይሆናል።

ይህ የዋዛ ጉዳይ አይደለም። በእንዲህ ያለ ፈተና ላይ ተስፋ የሰጡ ብዙ መድኃኒቶች ሰው ላይ ሲደርሱ ወድቀዋል። በ2010 ግላክሶስሚዝክላይንና አስትራዜኔካ ከአእምሮ ሕመም መድኃኒት ምርምራቸው ትልቁን ክፍል ዘግተው ወጡ። የጥፋተኝነት ስሜትን፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብን፣ «ሰዎች ያሴሩብኛል» ማለትን በአይጥ ላይ ማጥናት አይቻልም፤ ምንም ያህል ማግኔቱ ቢበረታ።

የእንስሳቱም ጉዳይ አለ። ማዲሰን በ1950ዎቹና 60ዎቹ ሃሪ ሃርሎ የጦጣ ግልገሎችን ከእናታቸው ለይቶ ከሽቦና ከጨርቅ ከተሠራች «እናት» ጋር ያሳደገባት ከተማ ናት። ስለዚህ ኬሊን ግልገሎችን ከእናት የሚለይ አዲስ ጥናት ሲያቅድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ ፈረሙ። በ2015 ከእናት የመለየቱ ክፍል ቀረ። እኔ ተቃዋሚዎቹ እዚህ ላይ ልክ ነበሩ ባይ ነኝ፤ ያው ቡድን ከእናት ሳይለይ ከ592 ጦጣዎች ያንን ሁሉ ተምሯልና። ምስል ሌላም ውለታ ይውላል፤ አንጎሉን ለማየት እንስሳውን መግደል ቀርቶ፣ ያንኑ እንስሳ ከልጅነት እስከ እርጅና ደጋግሞ ማየት ያስችላል።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ውስጥ የምንገባበት በር ጂን ነው። በ2022 ከ24 ሺህ በላይ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ጂን ተመርምሮ፣ ሲበላሹ የሕመሙን ዕድል በእጅጉ ከፍ የሚያደርጉ 10 ጂኖች ተለዩ። ከእነሱ አንዱ፣ ግሪን 2ኤ፣ የጎደላቸው አይጦች ቀድሞውኑ በጥናት ላይ ናቸው፤ የዶፓሚን ሥርዓታቸውም ተዛብቶ ተገኝቷል። ይሁንና በዓለም ላይ ያለው የአእምሮ ሕመም የጂን መረጃ በአብዛኛው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች የተወሰደ ነው። ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት ይህን ለማረም ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ሰዎች ምራቅ ሰብስቧል፤ በእኛ በኩል የተሳተፈው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ነገ በላብራቶሪ የምትሠራው አይጥ የማንን ጂን ትሸከም የሚለው የሚወሰነው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

እስከዚያው ድረስ አንባቢ አንድ ነገር ይያዝልኝ። ድባቴን፣ የጭንቀት ሕመምን ወይም ስኪዞፍሬኒያን ከአንጎል ምስል ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለይ ሐኪም ዛሬ በየትኛውም አገር የለም። የአእምሮ ሐኪም ኤም አር አይ የሚያዝዘው ዕጢ ወይም ሌላ የአንጎል ጉዳት እንዳይሆን ለማጣራት ነው፤ ምስሉ ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ ሰውየው አልታመመም ማለት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ይጓጓለት የነበረውን ሁሉ የረሳ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ለምስል ገንዘብ እስኪሞላ አትጠብቁ። ቁጭ ብሎ የሚጠይቀውና የሚያዳምጠው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ይዛችሁት ሂዱ።